ሁለት እጆች በአንድ ፋይል ላይ፦ ኮምፒውተሮችን የሚያሳስት የቅጽበት ክፍተት

እ.ኤ.አ. ኦገስት 14 ቀን 2003፣ በሥፍራው ሰዓት ከቀኑ 10 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ገደማ፣ በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካና በካናዳዋ የኦንታሪዮ ግዛት 50 ሚሊዮን የሚገመት ሕዝብ የኤሌክትሪክ ኃይል ተቋረጠበት። በኒው ዮርክ የምድር ውስጥ ባቡሮች በየዋሻው ቆሙ፤ አሳንሰሮች ሰዎችን እንደያዙ በፎቅና በፎቅ መካከል ተገቱ፤ የትራፊክ መብራቶች ጠፍተው አውራ ጎዳናዎች ተዘጋጉ። ከአገልግሎት የወጣው ጭነት 61,800 ሜጋዋት እንደነበር የሁለቱ አገሮች የጋራ መርማሪ ቡድን አስታውቋል።

የጥፋቱ መነሻ አንድ ብቻ አልነበረም። በኦሃዮ ግዛት የከፍተኛ ኃይል መስመሮች በወቅቱ ካልተከረከሙ ዛፎች ጋር ተነካክተው ነበር። ይሁን እንጂ መስመሮቹ አንድ በአንድ ሲወድቁ የመቆጣጠሪያ ክፍሉ ሠራተኞች በጊዜ ያላወቁበት ምክንያት በኮምፒውተሩ ውስጥ ነበር። የማስጠንቀቂያ ሥርዓቱ ከቀኑ 8 ሰዓት ከ14 ደቂቃ በኋላ መሥራት አቁሟል። ድምፅ አላሰማም፤ መቆሙንም ለማንም አልተናገረም። ከቀኑ 8 ሰዓት ከ41 ደቂቃ ላይ ዋናው ሰርቨር ወደቀ። ተጠባባቂው ሰርቨር ሥራውን ቢረከብም 13 ደቂቃ ብቻ ቆይቶ እርሱም ተከተለ።

“ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል” ይላል የአማርኛው ተረት። በዚያ ዕለት ግን ሁለተኛው ባላ የተረከበው ያንኑ የቆመ ፕሮግራም ስለነበር የሚያድን ሆኖ አልተገኘም።

መሐንዲሶች በሚሊዮን በሚቆጠሩ የፕሮግራም መስመሮችና መረጃዎች ውስጥ ለሳምንታት ሲያስሱ ቆይተው በመጨረሻ ያገኙት ስሕተት እጅግ ትንሽ ነበር። ሁለት የሥራ ሂደቶች አንድን መረጃ በአንድ ቅጽበት ለመጻፍ ፈቃድ አግኝተዋል፤ መረጃው ተበላሸ፤ የማስጠንቀቂያው ፕሮግራምም መውጫ በሌለው ዙር ውስጥ ገብቶ ቀረ። ስሕተቱ ሊከሰት የሚችልበት ክፍተት በሚሊሰከንድ የሚለካ ነበር። ያ ሶፍትዌር ቀደም ሲል በልዩ ልዩ ቦታዎች በድምሩ ከ3 ሚሊዮን ሰዓት በላይ ሲሠራ ስሕተቱ አንድም ጊዜ አልታየም።

የኮምፒውተር ሊቃውንት ይህን ዓይነቱን ስሕተት “የእሽቅድድም ሁኔታ” ይሉታል። ውጤቱ የሚወሰነው ሥራው ምን እንደሆነ በማየት ሳይሆን ከሁለት ሠራተኞች ማን ቀድሞ እንደደረሰ በማየት ሲሆን፣ ያ ሥራ ለዕድል ተሰጥቷል ማለት ነው።

ገንዘቡ የት ገባ?

ነገሩን በቀላል ምሳሌ ማየት ይቻላል። በአንድ ፋይል ውስጥ የአንድ ቤተሰብ ሒሳብ ተመዝግቧል እንበል፤ ቀሪው 10,000 ብር ነው። በሪያድ የሚሠራ ልጅ 5,000 ብር ወደዚህ ሒሳብ ይልካል። በዚያው ቅጽበት እናቱ በደሴ 2,000 ብር ታወጣለች። ትክክለኛው ቀሪ 13,000 ብር መሆን አለበት።

ገቢውን የሚመዘግበው ፕሮግራም ፋይሉን ያነባል፤ 10,000 የሚል ያገኛል። ወጪውን የሚመዘግበውም በዚያው ቅጽበት ያነባል፤ እርሱም 10,000 የሚል ያገኛል። የመጀመሪያው 5,000 ደምሮ 15,000 ብሎ ይጽፋል። ሁለተኛው 2,000 ቀንሶ 8,000 ብሎ በላዩ ላይ ይጽፋል። ልጁ የላከው 5,000 ብር ከመዝገብ ጠፋ። የአጻጻፉ ቅደም ተከተል ቢገለበጥ ደግሞ ቀሪው 15,000 ይሆንና የወጣው 2,000 ብር እንዳልወጣ ይቆጠራል።

እዚህ ላይ የተሳሳተ ሰው የለም። እያንዳንዱ ፕሮግራም ብቻውን ቢመረመር ንባቡም፣ ስሌቱም፣ ጽሕፈቱም ትክክል ነው። ስሕተቱ የተፈጠረው በንባቡና በጽሕፈቱ መካከል ሌላ እጅ በመግባቱ ነው። ባንኮች ለዚህ ሲሉ የደንበኞችን ሒሳብ በተራ ፋይል አይመዘግቡም፤ አንድ ግብይት ተጀምሮ እስኪፈጸም ድረስ ሌላው በመካከል እንዳይገባ የሚጠብቅ የመረጃ ቋት ይጠቀማሉ። ብዙ ትናንሽ ድርጅቶች፣ ሱቆችና ማኅበራት ግን መዝገባቸውን የሚያኖሩት በጋራ በሚከፈት አንድ ፋይል ውስጥ ነው።

በሥርዓተ ክወናው ጓዳ

ተጠቃሚው “አስቀምጥ” የሚለውን ሲጫን ፋይሉ በአንድ ምት የሚጻፍ ይመስለዋል። በውስጥ የሚሆነው ግን ከዚህ የተለየ ነው። ሥርዓተ ክወናው ፋይሉን በገጾች ከፍሎ በማህደረ ትውስታ ያኖረዋል፤ የአንዱ ገጽ መጠን ብዙውን ጊዜ 4,096 ባይት ነው። ትልቅ ጽሕፈት ብዙ ገጾችን ይነካል፤ ገጾቹም በየተራ ይለወጣሉ። ወደ ዲስኩ የሚወርዱትም ቆየት ብለው ነው።

በዚህ መካከል ሌላ ፕሮግራም ፋይሉን ቢያነብ የመጀመሪያዎቹን ገጾች አዲስ፣ የኋለኞቹን አሮጌ አድርጎ ሊያገኝ ይችላል። የሚደርሰው ጽሑፍ የትናንቱም የዛሬውም አይደለም። ማንም ያልጻፈው ሦስተኛ ጽሑፍ ነው። እየሠራ ያለን የመረጃ ቋት ፋይሎቹን በተራ ቅጂ ብቻ መጠባበቂያ አደርጋለሁ የሚል ድርጅት የሚወድቅበት ወጥመድ ይህ ነው። ቅጂው አለ፤ መጠኑም ልክ ነው፤ በአደጋ ቀን ሲከፈት ግን ግማሹ ከግማሹ አይስማማም።

ለዩኒክስ ቤተሰብ ሥርዓተ ክወናዎች የወጣው ፖዚክስ የተባለው ደረጃ በዚህ ጉዳይ ላይ ግልጽ ነው። አንድ ጽሕፈት ተፈጽሞ ከተመለሰ በኋላ የሚመጣ ንባብ አዲሱን መረጃ ማግኘት እንዳለበት ይደነግጋል። ብዙ ሂደቶች አንድን ፋይል በአንድ ጊዜ ሲጽፉ ምን እንደሚሆን ግን አይወስንም፤ ፕሮግራሞቹ ራሳቸው መቆጣጠሪያ እንዲያበጁ ይመክራል። ስለዚህ ኃላፊነቱ ከሥርዓተ ክወናው ይልቅ በፕሮግራም ጸሐፊው ትከሻ ላይ ያርፋል።

ደረጃው በግልጽ ያዘዘውም ቢሆን ሁልጊዜ በተግባር ላይ አይውልም። አንድ ፋይል ሲከፈት ሥርዓተ ክወናው “እስከዚህ ድረስ ተነቧል ወይም ተጽፏል” የሚል ጠቋሚ ይይዛል። ሁለት የሥራ ክሮች ይህን ጠቋሚ ተጋርተው በአንድ ጊዜ ሲጽፉ ጠቋሚው ሳይበጣጠስ መንቀሳቀስ አለበት። በሊኑክስ ግን እ.ኤ.አ. በ2014 ከወጣው ዕትም 3.14 በፊት ይህ አልተጠበቀም ነበር። ሁለቱ ክሮች ጠቋሚውን በአንድ ቦታ አንብበው አንዱ በሌላው ጽሑፍ ላይ ሊጽፍ ይችል ነበር።

ቁልፍ አለ፤ የሚያከብረው ግን ማን ነው?

ችግሩ አዲስ አይደለም። ኔዘርላንዳዊው የኮምፒውተር ሊቅ ኤድስገር ዳይክስትራ እ.ኤ.አ. በ1965 በአንድ ጊዜ የሚሠሩ ፕሮግራሞች እርስ በርስ ሳይጋጩ እንዴት ተራ ሊጠባበቁ እንደሚችሉ የሚያሳይ መፍትሔ አሳትሟል። “ሴማፎር” ብሎ የሰየመው መሣሪያ ስሙን የወሰደው ከባቡር ሐዲድ ምልክት ነው። አንድ ባቡር በነጠላው ሐዲድ ላይ እያለ ሌላው ምልክቱን አይቶ ይቆማል።

እ.ኤ.አ. በ1971 ደግሞ ኩርቷ፣ ሄይማንስና ፓርናስ የተባሉ ተመራማሪዎች “የአንባቢዎችና የጸሐፊዎች ችግር” በሚል የሚታወቀውን ጥያቄ በጽሑፍ አቀረቡ። የጥያቄው መነሻ አስተዋይ ነው። አንባቢዎች የሚያነቡትን ስለማይለውጡ መቶ ቢሆኑም አብረው ቢያነቡ ጉዳት የለውም። ጸሐፊ ግን ብቻውን መሆን አለበት። ታዲያ ቅድሚያ ለማን ይሰጥ? ለአንባቢዎች ከተሰጠና አንባቢ ካላቋረጠ ጸሐፊው ለዘለዓለም በር ላይ ይቆማል። ለጸሐፊዎች ከተሰጠ ደግሞ አንባቢዎች ይራባሉ። በዚህ ረገድ የተደረሰበት እያንዳንዱ መፍትሔ አንዱን ወገን ማስጠበቁ አይቀርም።

ዛሬ ሥርዓተ ክወናዎች ፋይል የሚቆልፉበት መንገድ አላቸው፤ አሠራራቸው ግን ይለያያል። ዊንዶውስ ላይ የሚሠራ ሰው “ፋይሉ በሌላ ፕሮግራም ተከፍቷል” የሚል መልእክት አይቶ ያውቃል፤ ሥርዓቱ ራሱ በሩን ዘግቶታል ማለት ነው። በሊኑክስና በዘመዶቹ ግን የተለመደው ቁልፍ ምክር ብቻ ነው። ሁሉም ፕሮግራሞች ቁልፉን ለመጠየቅ ከተስማሙ ይጠቅማል። አንዱ ሳይጠይቅ ገብቶ ቢጽፍ የሚከለክለው የለም። በር ላይ “ሰው አለ” የሚል ጽሑፍ እንደመስቀል ነው፤ ማንበብ የማይፈልግን ሰው አያቆምም።

ምክር ብቻ የሆነው ይህ ቁልፍም የራሱ ጉድለት አለው። በፖዚክስ ከተደነገጉት የፋይል ቁልፎች አንዱ፣ ሂደቱ ያንኑ ፋይል በሌላ ክፍሉ ከፍቶ ቢዘጋው የያዘውን ቁልፍ ሁሉ ይለቃል። ቁልፉን የያዘው የፕሮግራሙ ክፍል ግን አሁንም በእጁ እንዳለ ያምናል።

ጥበቃው ዞር ሲል

እስካሁን የተነሡት ግጭቶች ሳይታሰቡ የሚደርሱ ናቸው። ክፍተቱን ሆን ብሎ የሚያደባበት ሰው ሲመጣ ጉዳዩ ከስሕተት ወደ ጥቃት ይሸጋገራል።

ከፍተኛ ሥልጣን ያለው አንድ ፕሮግራም ተጠቃሚው የጠቀሰውን ፋይል ለመጻፍ መብት እንዳለው ይመረምራል፤ አለው የሚል መልስ ሲያገኝ ፋይሉን ከፍቶ ይጽፋል። በምርመራውና በመክፈቱ መካከል ግን ጥቂት ማይክሮሰከንድ አለ። በዚህች ክፍተት አጥቂው ያንን የፋይል ስም አንስቶ ወደ ሥርዓቱ የይለፍ ቃል መዝገብ የሚያመለክት አገናኝ ይተካበታል። የተመረመረው አንድ ፋይል ነው፤ የተከፈተው ግን ሌላ ነው። ማት ቢሾፕና ማይክል ዲልገር የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተሙት ጥናት ይህን ዓይነቱን ክፍተት በዩኒክስ ፕሮግራሞች ውስጥ እንዴት ፈልጎ ማግኘት እንደሚቻል አሳይተዋል።

ከዚህ ወገን እጅግ የታወቀው ክስተት እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2016 ይፋ የሆነው “ደርቲ ካው” ነው። ሊኑክስ አንድን ፋይል ለማንበብ ብቻ ለተፈቀደለት ፕሮግራም ሲያቀርብ፣ ፕሮግራሙ በግሉ ለመለወጥ ከፈለገ የግል ቅጂ ይሰጠዋል፤ ዋናው ፋይል አይነካም። አጥቂው ሁለት የሥራ ክሮችን ያስነሣል። አንዱ “በቅጂዬ ላይ ልጻፍ” እያለ ደጋግሞ ይጠይቃል። ሌላው “ቅጂዬን አልፈልገውም፣ ጣሉት” እያለ ደጋግሞ ይለምናል። ሥርዓተ ክወናው ቅጂውን አዘጋጅቶ፣ ለመጻፍ እጁን ከመዘርጋቱ በፊት ሁለተኛው ክር ቅጂውን ካስጣለው ጽሑፉ የሚያርፈው በዋናው ፋይል ላይ ነው። አንድ ሺህ ጊዜ ቢከሽፍ ግድ የለም፤ አንድ ጊዜ ከሠመረ ተራ ተጠቃሚ የነበረው ሰው የኮምፒውተሩ ባለቤት ይሆናል።

ይህ ክፍተት ከ2007 ጀምሮ በሊኑክስ ውስጥ ሳይታይ ለ9 ዓመታት ኖሯል። ሊኑክስ በዓለም ያሉ እጅግ ብዙ ሰርቨሮችንና የአንድሮይድ ስልኮችን የሚያንቀሳቅስ በመሆኑ የአደጋው ስፋት ቀላል አልነበረም። ያገኘው ፊል ኦስተር የተባለ ባለሙያ ሲሆን፣ ያገኘውም አጥቂዎች በሰርቨር ላይ ሲጠቀሙበት ከተቀዳ የኔትወርክ ፍሰት ውስጥ ነው። ሌቦቹ ከጠባቂዎቹ ቀድመው ያውቁት ነበር ማለት ነው። የሊኑክስ ፈጣሪ ሊነስ ቶርቫልድስ ጥገናውን ሲያወጣ፣ ችግሩን ከ11 ዓመት በፊት ራሱ ለማረም ሞክሮ እንደነበርና ያ ጥገና በሌላ የኮምፒውተር ዓይነት ላይ ባስከተለው ችግር ምክንያት መነሣቱን ጽፏል። የ2016ቱ ጥገናም ቢሆን ሙሉ አልነበረም፤ በትላልቅ የማህደረ ትውስታ ገጾች ላይ የተረፈ ተመሳሳይ ክፍተት በ2017 ተገኝቷል።

በፍተሻ የማይያዝ ስሕተት

እንዲህ ያለ ስሕተት በብዙ ባለሙያዎች ፊት እያለፈ ለዓመታት የሚደበቀው ለምንድን ነው? ተራ ስሕተት ሁልጊዜ ይደገማል፤ ተመሳሳይ ትእዛዝ ሲሰጥ ተመሳሳይ ጥፋት ይወጣል። የእሽቅድድም ስሕተት ግን ጊዜን ይመርጣል። ፈታሹ ፕሮግራሙን ቀስ አድርጎ ሊመረምረው ሲሞክር ክፍተቱ ይዘጋል፤ ምርመራውን ሲያቆም እንደገና ይከፈታል።

ይህ ባሕርይ የሰው ሕይወት ያስከፈለበት ታሪክ አለ። ቴራክ-25 የተባለው የካንሰር የጨረር ሕክምና መሣሪያ እ.ኤ.አ. ከ1985 እስከ 1987 ባለው ጊዜ በአሜሪካና በካናዳ ለ6 ሕሙማን ከታዘዘው እጅግ የበለጠ ጨረር ሰጥቷል፤ ከእነርሱም ቢያንስ 3 ሰዎች በዚሁ ጉዳት ሕይወታቸው አልፏል። በቴክሳስ በ1986 የደረሱት ሁለቱ አደጋዎች መነሻቸው የእሽቅድድም ሁኔታ ነበር። ባለሙያዋ የሕክምናውን ዓይነት በስሕተት አስገብታ፣ መሣሪያው በመሰናዳት ላይ ባለባቸው 8 ሰከንዶች ውስጥ ፈጥና ስታርመው፣ ስክሪኑ የታረመውን ሲያሳይ መሣሪያው ግን በአሮጌው ትእዛዝ ተሰናድቶ ይቀር ነበር።

የአምራቹ መሐንዲሶች አደጋውን ደግመው ማየት አልቻሉም። የሆስፒታሉ የፊዚክስ ባለሙያና ኦፕሬተሯ ደጋግመው ሞክረው ምስጢሩን ያገኙት ፍጥነቱ ላይ ነው፤ ትእዛዙ በፍጥነት ካልተጻፈ ስሕተቱ አይታይም። መሣሪያውን ለአደጋ ያጋለጠው የኦፕሬተሯ ቸልተኝነት አልነበረም። በልምድ ያገኘችው ቅልጥፍና ነበር።

የተፈተኑ መንገዶች

ባለሙያዎች በግማሽ ምዕተ ዓመት ልምድ የደረሱባቸው መፍትሔዎች ሁሉ ወደ አንድ አሳብ ያመራሉ፤ የማይከፈል መሆን ያለበትን ሥራ እንዳይከፈል አድርጎ መሥራት ነው።

አንደኛው መንገድ በፋይሉ ላይ በቀጥታ አለመጻፍ ነው። አዲሱ ጽሑፍ በጎን በሌላ ስም ይዘጋጃል፤ ሙሉ በሙሉ ወደ ዲስክ መውረዱ ይረጋገጣል፤ ከዚያም በአንድ ትእዛዝ የአሮጌውን ፋይል ስም ይወስዳል። በዩኒክስ ቤተሰብ ይህ የስም መተካት ለአንባቢዎች የማይከፈል ነው። በዚያ ቅጽበት የሚያነብ ሰው አሮጌውን ሙሉ ወይም አዲሱን ሙሉ ያገኛል እንጂ ግማሽ አያገኝም።

ሁለተኛው፣ በአንድ መዝገብ መጨረሻ ላይ ብቻ የሚጽፉ ፕሮግራሞች ፋይሉን “መጨረሻው ላይ ጨምር” በሚል ሁኔታ መክፈታቸው ነው። ሥርዓተ ክወናው መጨረሻውን ማግኘትና መጻፍን እንደ አንድ ሥራ ይፈጽማል። ይህ ግን በኔትወርክ የሚጋሩ ፋይሎች ላይ ሁልጊዜ አይሠራም፤ ኤንኤፍኤስ በተባለው የጋራ ፋይል ሥርዓት ብዙዎች በአንድ ጊዜ ሲጨምሩ ፋይሉ ሊበላሽ እንደሚችል የሊኑክስ መመሪያ ራሱ ያስጠነቅቃል።

ሦስተኛው፣ “መጀመሪያ መርምር፣ ቀጥሎ ክፈት” የሚለውን ልማድ መተው ነው። ፋይሉን መጀመሪያ ከፍቶ፣ በእጅ የተያዘውን ያንኑ ፋይል መመርመር ይሻላል፤ ስም በመካከል ሊለወጥ ይችላል፤ የተያዘ ፋይል ግን አይለወጥም። አዲስ ፋይል የሚፈጥርም “ከሌለ ብቻ ፍጠር፣ ካለ እምቢ በል” የሚለውን አንድ ትእዛዝ ይጠቀም እንጂ መኖሩን ጠይቆ ቆይቶ አይፍጠር።

አራተኛው፣ ብዙ ሰው የሚጽፍበትን መረጃ ከተራ ፋይል አውጥቶ ለመረጃ ቋት አደራ መስጠት ነው። የመረጃ ቋት ለውጡን አስቀድሞ በመዝገብ ያሰፍራል፤ ግብይቱ ካልተፈጸመም ወደ ነበረበት ይመልሰዋል። መጠባበቂያ ቅጂም በራሱ በመረጃ ቋቱ የቅጂ መሣሪያ ወይም የዲስኩን የአንድ ቅጽበት ምስል በሚወስድ ዘዴ ይዘጋጅ።

ፕሮግራም ለማይጽፈው ተጠቃሚም የሚተርፍ ቁም ነገር አለ። የሱቅ ሒሳብ፣ የማኅበር መዋጮ ወይም የሠራተኞች ደመወዝ በአንድ የጋራ ፋይል ተይዞ ሁለት ሰዎች ከሁለት ኮምፒውተር የሚከፍቱት ከሆነ፣ “ፋይሉ ተከፍቷል፣ ለንባብ ብቻ ይከፈት?” የሚለው መልእክት ሲመጣ በችኮላ ሊታለፍ አይገባም። “የግጭት ቅጂ” የሚል ስም ያለው ሁለተኛ ፋይል በድንገት ሲታይም መሰረዝ የለበትም፤ የአንዱ ባልደረባ የቀኑ ሥራ ያለው በዚያ ውስጥ ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ ሁለቱን ጎን ለጎን ከፍቶ ማመሳከር፣ የጎደለውንም ከእጅ ደረሰኞች ጋር ማስተያየት ይገባል። ለዚህም ሲባል ደረሰኞቹ ሒሳቡ እስኪዘጋ ድረስ ባይጣሉ ይመረጣል።